የመጀመሪያው አካፋ

ሣጥኗ ገና ግቢው ሳትደርስ ስም ወጥቶላት ነበር። «አማት» አሏት። ሁሉን ታያለች፣ ያየችውን ትናገራለች፣ አንዴ ቤት ከገባች ደግሞ የሚያስወጣት የለም። ስሙን ያወጣላት ራልፊ የሚባለው ቀልደኛ ሹፌር ነው፤ ሦስት ጊዜ አግብቶ ሦስት ጊዜ የፈታ ሰው ስለሆነ፣ ስለ አማት ሲናገር የሚከራከረው አልነበረም።

ጥቁር ናት፤ ከጫማ ሣጥን ታንሳለች። በእያንዳንዱ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ውስጥ ከመሪው አጠገብ ትገጠማለች። መኪናው የት እንደደረሰ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ከፊቱ የተገጠመው ትልቅ የብረት አካፋ ወርዶ እየጠረገ ይሁን ወይስ ተነሥቶ እየተንሸራሸረ፣ ምን ያህል ጨው እንደበተነ፣ ሁሉንም እየለቀመች ቢሮ ላለው ስክሪን ታቀብላለች። ማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲያመጣ የመጀመሪያው አይደለም። ከዚህ በፊት የሥራ መግቢያ ሰዓት በጣት አሻራ ይሁን ብሎ፣ ጨው የበላው ጣት አሻራ የለውምና፣ ግማሹ ሠራተኛ ሥራ ላይ ቆሞ ቀሪ ተብሎ ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር መጣ ሲባል የግቢው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይራገማል፣ መጨረሻ ላይ ይለምደዋል።

ኦዴል ግሪር ግን አልሳቀም። ኦዴል ጸጉሩን እዚያው ግቢ ያሸበተ ሹፌር ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪም እሱ ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቂሙ ረጅም። ሣጥኗን የምታስተዋውቀው ሴት የመጣች ዕለት ከምሳ አዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን አጣጥፎ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠው አዳመጠ።

ሴትየዋ ማርሴላ ኪንታና ትባላለች፤ ከማዘጋጃ ቤቱ የቴክኖሎጂ ክፍል ነው የመጣችው። ለዚያ አገር ክረምት የማይሆን ጫማ አድርጋለች። ሹፌሮቹ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ቢያዳምጧትም እሷ አልደነገጠችም። «ጥያቄ ያለው?» አለች ስትጨርስ።

ራልፊ እጁን አወጣ። «ሽንት ቤት ስገባስ ታሳብቅብኛለች?»

«መኪናውን ይዘህ ካልገባህ በቀር አታሳብቅም» አለችው።

አዳራሹ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ያን ጊዜ ኦዴል ተነሣ፤ እሱ ሲነሣ ሳቁ ቆመ።

«አንድ ሹፌር ከተሰጠው መስመር ቢወጣስ ምን ይሆናል?»

መልሱን የሰጠው የግቢው ኃላፊ ሎማክስ ነው። ሎማክስ ከመናፈሻ ክፍል ተዛውሮ የመጣ፣ የበረዶ መኪና ነድቶ የማያውቅ፣ ግን ክፉ የማይባል ሰው ነበር። «ደንቡ ያው የድሮው ነው፤ ያለ ፈቃድ ከመስመሩ የወጣ ይታገዳል፣ የደገመ ይሰናበታል። እስከ ዛሬ የሚያይ አልነበረም፤ አሁን ይታያል። ለውጡ ይኼው ነው።»

ሹፌሮቹ አንዱ የሌላውን ዓይን እየሸሸ መሬት መሬቱን ተመለከቱ።

ሎማክስም ሆነ ማርሴላ ያላወቁት ነገር ነበር። በዚያ ግቢ ሹፌር ሲሞት አበባ ይላካል፣ ቀብር ይኬዳል፣ ቢራ ይጠጣል፤ ይህ የትም ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከሟቹ ጓደኞች አንዱ፣ ማንም ሳይሾመው፣ ሚስቲቱ የምትኖርበትን መንገድ ይረከባል። በረዶ በጣለ ቁጥር አካፋው መጀመሪያ አስፋልት የሚነካው እዚያ ነው፤ ትልልቁ መንገድ ሳይጠረግ፣ የከንቲባው ሰፈር ሳይጠረግ። ሴትየዋ በዚያ ቤት እስካለች ድረስ ይቀጥላል። «የመጀመሪያው አካፋ» ይሉታል። አይወራም፣ አይጠየቅም። ምስጋናውም ሴትየዋ የበረንዳዋን መብራት አንዴ አጥፍታ ታበራለች፤ በቃ። አንዱ ሹፌር የሌላውን መንገድ ቢገምት እንጂ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ነው ነገሩ። በፈረስ ይጠረግ በነበረበት ዘመን የተጀመረ ነው ይባላል፤ የፈረሱን ነገር ግን ራልፊ የጨመረበት ሳይሆን አይቀርም።

የኦዴል መንገድ ሄዝል ይባላል። የልብ ጓደኛው ብሩኖ ፊንክ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ስለ ገንዘብም ስለ ልጆችም አላነሣም፤ ስለ ሚስቱ፣ «ሎሬታ አካፋ እንዳትይዝ» ብቻ ነው ያለው። ኦዴልም ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ብሩኖ ከሞተ ወዲህ ሎሬታ በበረዶ ቀን አካፋ ይዛ አታውቅም።

በሌላ በኩል ደግሞ ኢርማ አለች። የኦዴል ሚስት ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሰነባብቷል፤ በየሳምንቱ እየተመላለሰች ደሟን ታሳጥባለች። የሚያሳክማት የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ ከባሏ ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው። ኦዴል ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ክረምት ቀርቶት ቢሰናበት፣ ችግሩ የሱ ብቻ አይሆንም። እንግዲህ ሣጥኗ የገባችው በዚህ መካከል ነው። በአንድ ወገን ለሞተ ጓደኛ የነቀነቀው ራስ፣ በሌላ ወገን የሚስቱ ነፍስ።

«ጓዶች» አለ ወደ ሹፌሮቹ ዞሮ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ማኅበሩ ይህን ነገር አይቀበልም።»

«ልክ ነው!» አሉ።

ከወደ መስኮቱ ግን አንድ እጅ ወጣ። «የኔ መኪና ላይ ይገጠም» አለ ቬርን ሆልትዝ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ቬርን ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ብቻውን ምሳ የሚበላ ሰው ነው። ብቻውን የሚበላውም ወድዶ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሹፌሮቹ አድማ መትተው ሳለ ከባድ በረዶ ወርዶ፣ እሱ ብቻ መኪና አስነሥቶ ወጣ። ለምን ብለው ሲይዙት፣ «በረዶው አድማ አልመታም» ነበር መልሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦዴል ሰላም ብሎት አያውቅም፤ ስሙንም አይጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው።

«ያ ሰውዬ የለመደበት ነው» አለ ኦዴል ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቬርን እጁን አላወረደም።

ማኅበሩ ጮኸ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሣጥኖቹ ግን ተገጠሙ። ያኔ ነው ራልፊ መላ ያገኘው። ከግቢው ማዶ ካለችው ምግብ ቤት የሚመጣው የጥብስ ሥጋ ሳንድዊች በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው። ያንን ፎይል ሁለት እጥፍ አድርገህ ሣጥኗ ላይ ብታለብሳት ጸጥ ትላለች፤ ስትገልጣት ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራዋን ትቀጥላለች። «አማቴን እንዲህ ማድረግ ቢቻል ኖሮ እስከ ዛሬ ባለትዳር ነበርኩ» አለ ራልፊ። ነገሩ በሹክሹክታ ግቢውን አዳረሰ። ያን ሰሞን ምግብ ቤቷ እንዲያ ያለ ገበያ አይታ አታውቅም።

በረዶው የመጣው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከከተማው ዳር ካለው ሐይቅ ወዲያ ሰማዩ ጠቁሮ እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ግድግዳው እየተራመደ መጣ፤ ከዚያ ፀሐይዋም፣ ሕንፃዎቹም፣ የመኪናው አፍንጫም ጠፉ። ኦዴል ይህን ዕድሜውን ሙሉ ቢያየውም ሁልጊዜ ሰውነቱን ውርር ያደርገዋል። ያን የሚያህል ነገር ያለ ድምፅ ሲወርድ፣ ያን የሚያህል ከተማ ያለ ክርክር ሲሸነፍ ማየት አይለመድም። እሱ የሚታየው የመኪናው መብራት የሚደርስበት ጥቂት ነጭ ብቻ ነው። ጠርጎ ያለፈበትን በመስታወቱ ዞሮ ሲያይ በረዶው መልሶ ሸፍኖታል። ሹፌር ሁሉ ሳይናገረው በሆዱ የሚይዘው ሐዘን ይህ ነው፤ ብቻህን ነህ፣ የሠራኸውም ከኋላህ ይጠፋል።

ሄዝል መንገድ ጥግ ላይ ሲደርስ ፎይሉን ከኪሱ አውጥቶ ሣጥኗን አለበሳት። አረንጓዴ መብራቷ ጠፋ። አካፋውን አወረደና ገባ። የሎሬታ በረንዳ ላይ መብራቱ ጠፍቶ በራ። ኦዴል ጥሩምባ አልነፋም፣ እጁንም አላወዛወዘም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ከመንገዱ ሲወጣ ፎይሉን ገፈፈው። ሥጋ ሥጋ ይሸታል።

በረዶው ሰኞ ንጋትም አላባራም። ኢርማ ያን ጠዋት የእጥበት ቀጠሮ ነበራት፤ የሕክምናው ቫን ከቤቷ መጥቶ ነው የሚወስዳት። ኦዴል ከከተማው ሌላ ጫፍ ሆኖ ስልክ መታላት። ሁሌ እንዲህ ነው፤ የሰው በር ሲጠርግ የራሱ በር ላይ መድረስ አይችልም፤ የነሱ ኮርኔሊያ መንገድ ደግሞ መጨረሻው ዝግ የሆነ ትንሽ መንገድ ስለሆነ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው የሚገኘው።

«ቫኑ ገባ?» አላት ትንፋሹን ይዞ።

«ገባ እንጂ! ይኼው ቀበቶ እያሰርኩ ነው። መንገዱ እልም ያለ ንጹሕ ነው፤ ነፋሱ ጠርጎልናል አልኩህ እኮ።»

«የኔ እመቤት፣ ያ ነፋስ ወዶሻል።»

«ካንተ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ቤት ይመጣል» አለችና ሳቀች።

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አንዳንድ መንገድ እስከ አስፋልቱ ይልሳል፤ እውነት ነው። ግን ዕድሜውን በረዶ ሲጠርግ የኖረ ሰው፣ ነፋስ በየክረምቱ የኔን በር እየመረጠ ይጠርግልኛል ብሎ ማመኑ የሚገርም ነው። ምን ይደረግ፣ የተመቸውን ነገር ማን ይመረምራል!

በረዶው ባባራ ማግስት ሎማክስ ኦዴልን ቢሮው ጠራው። ማርሴላም አለች፤ አሁን ደህና ቦት ጫማ አድርጋለች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል።

«በማኅበሩ ተጠሪነትህ ነው የጠራሁህ» አለ ሎማክስ። «ሹፌሮችህ ሣጥኗን እያጠፉ ነው። ከዚህ ወዲያ ቅጣት መጻፌ አይቀርም፤ ግን መጀመሪያ አንተ እየው።»

ኦዴል መልሱን ቀድሞ አዘጋጅቷል፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሲግናል ይቆራረጣል፣ ብርድ አይችልም። ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ማርሴላ መጋረጃውን ሳበችና ስክሪኑን ነካችው።

ከተማዋ ታየች። ጥቁር ሰማያዊ ሜዳ ላይ መንገዶቿ እንደ ክር ቀጭነው፣ በአንድ ወገን ሐይቁ ጠቁሮ ተኝቶ። መሀል ላይ ግቢው አለ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነጥቦች ተጠጋግተዋል። ከዚያ ነጥቦቹ ተራ በተራ ከበሩ ወጡና በየአቅጣጫው ፈሰሱ። አንዷ ነጥብ ባለፈችበት መንገድ ሁሉ ክሩ ነጭ ሆኖ ይበራል። በረዶው መልሶ ሲሸፍነው ደግሞ ቀስ እያለ ይደበዝዛል።

«እሑድና ሰኞ ናቸው» አለች ማርሴላ። «በጥቂት ደቂቃ አሳጥሬው ነው።»

ኦዴል የተጣጠፈው ክንዱ መቼ እንደተፈታ አላወቀም። በምሥራቅ ያለው ሲደበዝዝ በምዕራብ ያለው ይበራል፤ የምዕራቡ ሲከስም ከደቡብ ሌላ ነጭ ክር ይመጣና ይቀጥለዋል። የራሱን ነጥብ አገኛት። ያቺ ከኋላው በረዶ የዋጠበት መንገድ፣ ያቺ ብቻዬን ነኝ ብሎ የተማረረባት ጥግ፣ ለካ ራልፊ ከወዲያ በኩል እየመጣ ነበር፤ የሁለቱ ክር ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ አብሮ በራ። አንድም ጊዜ፣ ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ፣ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ አልጨለመችም። እነሱ ናቸው ይህን የሠሩት። እያንዳንዱ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ ሳያይ፣ እየተራገመ፣ ቀዝቃዛ ሳንድዊች እየበላ።

«እግዚአብሔር ሆይ» አለ ኦዴል፣ በሹክሹክታ።

«ያምራል አይደል?» አለች ማርሴላ። «እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳየው ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ።»

«አሁን የሚጠፋበትን እይ» አለ ሎማክስ።

ማርሴላ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ነጥቦቹ ከግቢው ከወጡ በኋላ፣ ዋናው ሥራ ሳይጀመር፣ አንዷ ድርግም አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። እዚህ አንዷ፣ እዚያ አንዷ፣ ትናንሽ መንገዶች አፍ ላይ እየደረሱ ይጠፋሉ፤ ትንሽ ቆይተው ከዚያው አፍ ላይ ይበራሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ መንገዱን የደበቁበት ፎይል መንገዱን ቁጭ አድርጎ አሳየ። ኦዴል ግን ስለ ሞኝነታቸው አልነበረም የሚያስበው። እያንዳንዷ ጨለማ የማን ቤት እንደሆነች ከቦታዋ ተረዳ። ይህች የካሚንስኪ ሚስት ናት፤ ካሚንስኪ የሞተው ኦዴል አዲስ ተቀጣሪ ሳለ ነው፤ ሴትየዋ እስከ ዛሬ አለች ማለት ነው? ማን ነው ከእጅ ወደ እጅ ያሸጋገራት? ያቺ ደግሞ የሐይቅ ዳርቻዋ፣ የሟቹ የጂሚ እናት፤ ለካ ለእናትም ይደረጋል። ወጣቶቹ፣ ሐዘን አያውቁም ብሎ የሚያማቸው፣ የነሱም ነጥብ ትጠፋለች። ልማዱ ከሱ ዕድሜ ጋር እየሞተ ነው ብሎ ሲያዝን ኖሯል። ይኼው ከተማዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚህ ጨለማ ተነቁጣለች። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ለመጥረግም አልሞከረም።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለ ሎማክስ። «ቡና ሊጠጡ? ሊያሸልቡ?»

«ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚጠፉት» አለች ማርሴላ ዓይኗን ከኦዴል ሳታነሣ። «ግራ ገብቶኝ ከመንገዶቹ አንዱ ጋ ሄድኩ። አንዲት አሮጊት በር ከፈተችልኝ። እዚህ የበረዶ መኪና ቀድሞ ይመጣል ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ ‹የምን መኪና?› ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። መንገዷ ስለሚጠረግላት የምትዋሽ ሰው ምን ደብቃ ይሆን ብዬ ገረመኝ።»

ኦዴል ሊስቅ ነበር፤ አፈነው። ያዘጋጀው የሲግናል ወሬ ግን ከአፉ አልወጣ አለ።

«የተደበቁትስ ይሁን፤ ፎይል ነው፣ ሲግናል ነው ብላችሁ ትከራከራላችሁ» አለ ሎማክስና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «ይኼኛው ግን አልተደበቀም። ፊት ለፊቴ መስመሩን ጥሎ ይወጣል። ገና ሲነሣ አንድ ጊዜ፣ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ወደዚች መውጫ የሌላት መንገድ ይታጠፋል፣ ይጠርጋታል፣ ይመለሳል። ደግሟል ማለት ነው። የደገመ ይሰናበታል ተብሏል፤ እኔም አሰናብታለሁ። ቬርን ሆልትዝ ነው። አንተ እንደምትጠላው አውቃለሁ፤ ግን ተጠሪው አንተ ስለሆንክ ልትከራከርለት መብት አለህ።»

ኦዴል ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ከሁሉም ነጥቦች መካከል ያልጠፋችው አንዷ ነጥብ ከትልቁ መንገድ ተገንጥላ፣ አንድ አጭር ክር እስከ ሐይቁ ዳር ነጭ አድርጋ አብርታ ትመለሳለች። ከክሩ ሥር ስሙ ተጽፏል። ኮርኔሊያ መንገድ።

ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ሄዝል ጨለማ ውስጥ ናት፤ የሱ ነጥብ ጠፍታ በርታለች፣ እሱም ሲግናል ነው ብሎ መውጣት ይችላል። የኢርማ ሕክምና ይቀጥላል፣ ጡረታውም ይደርሳል፤ ያ ሰውዬ ብቻ ይሄዳል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ኦዴል ስክሪኑ ላይ ያችን ነጭ ክር ሲያይ ቆየ።

«ያ የኔ ቤት ነው» አለ።

«ምን?»

«ኮርኔሊያ መንገድ፣ መጨረሻው ቤት፤ የኔ ነው። ሚስቴ ኩላሊቷን ትታጠባለች። ቫኑ እንዲገባላት ነው የሚጠርገው። እኔ አላውቅም ነበር። እኔ…» መነጽሩን አወለቀ። «እኛ ነፋስ መስሎን ነበር።»

ከዚያ የቀረውንም ተናገረ። በዚያ ግቢ ለአለቃ ተነግሮ የማያውቀውን ነገር፣ ስለ ካሚንስኪ፣ ስለ ብሩኖ፣ ስለ በረንዳው መብራት። የራሱን ነጥብ በጣቱ አሳያቸውና፣ «እዚህ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ሄዝል መንገድ። የሚባረር ካለ ከዚህ ይጀመር» አለ።

«‹ባሏ ስለሞተ› ብዬ ምክንያት ብጽፍ ማዘጋጃ ቤቱ እኔኑ ሐኪም ዘንድ ይልከኛል» አለ ሎማክስ።

«ለታመመ ሰው ቦታ አለው» አለች ማርሴላ። «የባለቤትህ መንገድ ከነገ ጀምሮ በደንቡ ቀዳሚ ይሆናል፤ ማንም ከመስመር መውጣት አያስፈልገውም። ለሌሎቹ ግን ማሽኑ ቦታ የለውም። ስሠራው አላወቅኩም ነበራ! ግን ሹፌር በራሱ ውሳኔ የሚጠቀምበት ትርፍ ደቂቃ አለ፤ የቆመ መኪና ለመዞር፣ ለመሳሰለው። እሱን ሰፋ ማድረግ እችላለሁ። ምክንያቱን አይጠይቅም።»

ሎማክስ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «እኔ ዛሬ ያየሁት የሲግናል ችግር ነው። የቬርንም እንደዚያው።»

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች ማርሴላ። «ፎይሉ ይውጣ። ራልፊ ሐይቁ ዳርቻ ጋ የጠፋ ጊዜ ልቤ ቆሞ ነበር። አንዳችሁ ጨለማ ውስጥ ሆናችሁ ገደል ብትገቡ ሰው የት ልላክ?»

ኦዴል እሺ አለ። ሰው የሚያየው ነገር እንደ ድሮው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል ወይ የሚል ሥጋት ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልወጣለትም።

ቬርንን ያገኘው የመኪና ማጠቢያው ቦታ ላይ ነው፤ ከመኪናው ሆድ ጨው በቱቦ እያጠበ።

«ቬርን» አለው።

ሰውዬው ደንግጦ ዞረ። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኮርኔሊያ መንገድ።»

ቬርን ውኃውን ዘጋ። «አየኸው ማለት ነው።»

«ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ላይ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እጥበት ከጀመረች። አንድ ጠዋት ቫኑ ጥግ ላይ በረዶ ይዞት፣ ኢርማ በእግሯ ልትደርስበት እስከ ጉልበቷ ገብታ ስትሄድ አየኋት። ከዚያ ወዲያ አላስቻለኝም።»

«እኔ እኮ አልሞትኩም። የመጀመሪያው አካፋ የሟች ነው።»

«እስክትሞት ልጠብቅህ እንዴ?»

«ሰላም እንኳ አልልህም ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት።»

«ለሰላምታ አይደለም የሚጠረገው።»

«ፎይሉንስ? ሁሉም ሲያደርግ አንተ ብቻ? ልትባረር ነበር እኮ፣ አንተ ሰው!»

«የማፍርበት ነገር አልሠራሁ፤ ምን ልሸፍን?» አለ ቬርን። ቀጥሎ ትንሽ አሰበና፣ «ደግሞ ሐኪም ጥብስ ከልክሎኛል፤ ፎይሉን ከየት ላምጣ?» አለው።

ኦዴል ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። ቬርን የሚያደርገው ጠፍቶት ቱቦውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ኦዴል እጁን ዘረጋ። የሁለቱም እጅ በጨው ተሰነጣጥቆ ነበር።

ማታ ለኢርማ ነገራት። ሳህን እያደረቀች ነበር፤ ፎጣውን አስቀመጠች።

«ያ ሰላም የማትለው ሰው?»

«እሱ ነው።»

«እኔ ደግሞ ነፋሱን ሳመሰግን! ኦዲ፣ ስንት ዓመት ሙሉ መብራት እንኳ ሳላጠፋለት!» አለችና ተቀመጠች። ያን ማታ ሌላ ነገር አላወሩም።

ሳምንት ሳይሞላ ሐይቁ ደግሞ አጉረመረመ። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል መኪኖቹ ከግቢው ወጡ። በሩ አጠገብ ያለው የቆሻሻ በርሜል በተጨማደደ ፎይል ሞልቶ ነበር። ኦዴል ሄዝል መንገድ ጥግ ላይ ደረሰ። እጁ ከልማድ የተነሣ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ባዶ ነው። ሣጥኗ አረንጓዴ ዓይኗን አፍጥጣ ታየዋለች። «እንግዲህ እዪ» አላትና አካፋውን አወረደ። የሎሬታ መብራት ጠፍቶ በራ።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ኢርማ ናት።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ዝም በልና ስማ» አለችው በሹክሹክታ። «መስኮቱ ጋ ነኝ። ነፋሱ መጣ።»

ኦዴል ሞተሩን አጠፋ። በስልኩ ውስጥ፣ ከከተማው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ብረት አስፋልት ሲፍቅ ይሰማል፤ እየቀረበ መጣና በራሱ በር ላይ አለፈ። ከዚያ የበረንዳው መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጭ አለ።